ቢቆለፍም ይነበብ፦ በኮምፒውተር ቅጽ ላይ ስለሚደበዝዙ ሳጥኖች



ይህ ጽሑፍ በመርሳም በወልድያም ሆናችሁ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ፕሮግራም ለምትሠሩ ነው። ፕሮግራም ለማትሠሩትም ይጠቅማል፤ ስማችሁ የሚመዘገበው በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ነውና።

የተማሪ መመዝገቢያ፣ የክሊኒክ ካርድ ወይም የመጋዘን ፕሮግራም ስንከፍት አንዳንድ ሳጥኖች ግራጫ ሆነው እናያለን። ብንጫናቸው አይሰሙም፤ ተቆልፈዋል። መቆለፉ ራሱ ተገቢ ነው። የመታወቂያ ቁጥር ወይም የተረጋገጠ ስም ጸሐፊው ሳያውቅ በአንድ ቁልፍ ንክኪ መለወጥ የለበትም። ችግሩ ከሳጥኑ ጋር ጽሑፉም መደብዘዙ ነው። እንዳይጻፍበት የተቆለፈው እንዳይነበብም ይሆናል።

ይህን ቀላል ነገር አናድርገው። ስም መታረም ያለበት ሰነዱ ከመታተሙ በፊት ነው። ከታተመ በኋላ ማመልከቻ፣ ማስረጃና ብዙ ምልልስ ይጠይቃል። ለማረም ደግሞ መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

የእኛ ፊደል ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። «ኸድጃ» ከላይ ያለችው መስመር ከደበዘዘች «ከድጃ» ትሆናለች። «ቡሽራ» ላይ ያለችው ጭረት ዝቅ ብትል «ቢሽራ»፣ «ኑሩ»ም «ኑሪ» ይሆናል። በዚህ ላይ የፊደሉ መጠን አለ። በቀድሞው ዶት ኔት ፍሬምወርክ የዊንዶውስ ፎርምስ መነሻ የፊደል መጠን 8.25 ነጥብ ነው። ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል፤ ለግዕዝ ፊደል ግን ያጨናንቃል። ስለዚህ 11 ወይም 12 ነጥብ ብናደርገው መልካም ነው።

የመደብዘዙን ልክ በቁጥር መለካት ይቻላል። የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ንጽጽር ከ1 ለ 1 እስከ 21 ለ 1 ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል፤ ለዴስክቶፕ ፕሮግራምም መለኪያው ያገለግላል። የቀለም ቁጥሩ 240 በሆነ ፈዛዛ ግራጫ ጀርባ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብናስቀምጥ 18 ለ 1 ገደማ እናገኛለን። በዚያው ጀርባ ላይ ቁጥሩ 160 የሆነ ግራጫ ጽሑፍ ብናስቀምጥ ግን ንጽጽሩ ወደ 2.3 ይወርዳል። መመሪያው የማይሠሩ ሳጥኖችን ከዚህ ግዴታ ነጻ እንደሚያደርግ እናውቃለን። ነገር ግን ከግዴታ ነጻ መሆን ጽሑፉን ተነባቢ አያደርገውም።

የዓይን ችግር ላለባቸው ጉዳዩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ኤንቪዲኤን በመሳሰሉ ስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞች ይጠቀማሉ፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚሄዱትም በታብ ቁልፍ ነው። ታብ ግን የተዘጋውን ሳጥን ዘሎ ያልፋል። ተማሪው ሳጥኑ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነገሮችን መለየት ነው፤ መዝጋትንና ለንባብ ብቻ ማድረግን። በሲ ሻርፕ ዊንዶውስ ፎርምስ «ኢኔብልድ» የሚለውን «ፎልስ» ስናደርግ የጽሑፍ ሳጥኑ ይዘጋል። ያን ጊዜ የመረጥነውን የጽሑፍ ቀለም ትቶ በራሱ ግራጫ ይጽፋል። በዚህ ፈንታ «ሪድ ኦንሊ» የሚለውን «ትሩ» እናድርግ። ያኔ መጻፍ አይቻልም፤ ማንበብ፣ በታብ መድረስና ኮፒ ማድረግ ግን ይቻላል። አንድ የምታደናግር ነገር አለች፦ ለንባብ ብቻ በሆነ ሳጥን ላይ «ፎር ከለር» ብቻውን ቢለወጥ ላይታይ ይችላል። «ባክ ከለር»ንም አብረን ስንወስን ይሠራል።

በጃቫ ስዊንግ «ሴት ኤዲተብል»ን «ፎልስ» ማድረግ ያንኑ ያስገኛል። መዝጋት ግድ ከሆነ ደግሞ «ሴት ዲሴብልድ ቴክስት ከለር» ጽሑፉን ያጠቁራል። በፓይተን ቲኪንተር የሳጥኑን «ስቴት» «ሪድ ኦንሊ» ማለት ይበቃል። አስቸጋሪው በዊንዶውስ ፎርምስና በስዊንግ ያለው የምርጫ ዝርዝር፣ ማለትም «ኮምቦ ቦክስ» ነው፤ ለንባብ ብቻ የሚባል ቅንብር የለውም። ስለዚህ በሚቆለፍበት ጊዜ እሱን ደብቀን የተመረጠውን ቃል ለንባብ ብቻ በሆነ የጽሑፍ ሳጥን እናሳይ።

ግራጫው ፈጽሞ ይቅር ማለታችን አይደለም። ገና ተራው ያልደረሰ ወይም ባለጉዳዩን የማይመለከት ባዶ ሳጥን ግራጫ ቢሆን አያሳስትም። ሰው አንብቦ ሊያረጋግጠው የሚገባ መረጃ ያለበት ሳጥን ግን አይደብዝዝ። መቆለፉን በጀርባው ቀለም ወይም በትንሽ የቁልፍ ምልክት እናሳይ። አጠገቡም «ስህተት ካለ ሬጅስትራር ያነጋግሩ» የሚል አጭር መስመር እንጨምር። እንዲህ ሲሆን ባለጉዳዩ ሳጥኑ ለምን እንደማይሰማውና ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

ፕሮጀክታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ፈተናዎችን አድርጉ። ላፕቶፑን ቀትር ላይ መስኮት አጠገብ አስቀምጡና የስክሪኑን ብርሃን ቀንሳችሁ ቅጹን አንብቡ። ማውሱን ትታችሁ በታብ ብቻ ሁሉንም ሳጥኖች ለመድረስ ሞክሩ። በመጨረሻም ፕሮግራሙን የማያውቅ ጓደኛችሁን ጠርታችሁ «ኸድጃ ኑሩ» ከሚል የተቆለፈ ሳጥን ስሙን እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ሳያመነታ ካነበበው ደኅና ነው፤ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ስክሪኑ ከተጠጋ ግን ሥራው ገና አላለቀም።

የሰው ስም በእጃችን ያለ አማና ነው። ከአንድ ቅንብርና ከሁለት ቀለም በላይ የማይጠይቅ ነገር ስለሆነ ኢንሻአላህ በዚህ ሴሚስተር ሥራችን ላይ እንጀምረው።