«መስተዋት» የትኛው ነው?

በአማርኛ ፊት ማያውም ብርሃን አሳላፊውም «መስተዋት» ይባላል። በዕለት ንግግር ይህ አያስቸግርም። ነገር ግን በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) ለሚሠራ ጠጋኝ በሳንቲም የሚሠራ የአሮጌ መጫወቻ ማሽን የጽዳት መመሪያ ብንተረጉምለትና «መስተዋቱን ወልውል» ብንለው የትኛውን ይወልውል?

እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ያወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ጥሩ ማስረጃ ነው። በቋሚው ሣጥን ተጫዋቹ የሚያየው የሥዕል ቱቦውን ሳይሆን፣ በግማሽ አንጸባራቂ መስተዋት ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቁን ነው።

ስለዚህ «መስተዋት» ለሚያንጸባርቀው ብቻ ይቅር እንላለን። የቱቦው ፊት በቴሌቪዥን እንደለመድነው «መስኮት» ይባል፤ «ስክሪን» የሚልም ቢኖር አንጣላውም። ከፊት የሚጋርደው «መከለያ» ነው። ተርጓሚው መከለያው ከምን እንደተሠራ ሳይጽፍ ማለፍ የለበትም፤ አሞኒያ ወይም አልኮል ያለበት ማጽጃ የአክሪሊክ ፕላስቲክን ይሰነጣጥቃልና። ጀርባው ቀለም የታተመበት ከሆነም የሚወለወለው በፊቱ በኩል ብቻ ነው፤ ከኋላ ቢታሽ ሥዕሉ ይላጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን «አጥፋ» የሚለው ግስ ነው። «አጥፍተህ ሶኬቱን ንቀል» ካልተባለ ትርጉሙ ጎደሎ ነው፤ ከተነቀለም በኋላ ቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሣጥኑን ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈት።

«ንጹሕ ውኃ» የሚለውም አያስተማምንም። በስምጥ ሸለቆ ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ለዐይን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ይተዋል። «ተንኖ የጠለለ ውኃ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ እሱም የሚረጨው በጨርቁ እንጂ በመከለያው ላይ አይደለም።