በመኖሪያ ቤት ዙሪያ የሚተኛ ውሃን በቦይ ማጠንፈፍ

የዋልካ መሬት ያላችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች ስንዴን በሰፊ መደብ ዘርቶ ትርፉን ውሃ በቦይ ማውጣትን በሚገባ ታውቁታላችሁ። የእነዋሪ አካባቢ አርሶ አደሮችማ መደቡን በእጃቸው በመሥራት የታወቁ ናቸው። እርሻ ላይ የምናውቀውን ግን ደጃችን ላይ እንረሳዋለን። ሐምሌ ላይ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከግድግዳው ሥር ውሃ ተኝቶ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንዴ ካበጠ ውሃ የሚያሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ የቋሚው እንጨት ሥር ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ በጎተራ ያለው እህል ይሻግታል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለዩ። ዝናብ እየዘነበ ወጥቶ ማየትን የሚተካ ነገር የለም። ከላይ ከተዳፋቱ የሚመጣ ከሆነ ከቤቱ በላይ በኩል መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል፤ የተቆፈረው አፈርም በቤቱ በኩል ይከመራል። ጣሪያውንም አትናቁት። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል።

ቦዩን ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር አርቁ። ብዙዎቻችሁ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ትቆፍራላችሁ፤ ይህ መሠረቱን ያላላል። በዚህ ምክንያት አንድ ማዕዘኑ የሰመጠ ቤት አይቻለሁ። በግድግዳውና በቦዩ መካከል ያለውን መሬት ወደ ቦዩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አድርጋችሁ ደልድሉና ጠቅጥቁ። ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከላይ 60፣ ከታች 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ዋልካ ይናዳል። በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በዓይን አትገምቱ፤ ከልማት ሠራተኛው ጋር በገመድና በውሃ ልክ ለኩ። ከዚህ በላይ ከተዳፋ ውሃው ቦዩን ይሸረሽረዋል።

ቁፋሮውን ከመውጫው ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። መውጫው ላይ ነው ጠቡ ያለው። ውሃውን ወደ ጎረቤት ጤፍ ለቆ በሽማግሌ የተዳኘ ሰው አውቃለሁ፤ ቦዩ ጥሩ ነበር፣ መውጫው ግን አልታሰበበትም። ወደ ተፈጥሮ ውሃ መውረጃ ወይም ሣር ወደ ለበሰ ቦታ አውጡት፤ ውሃው የሚወድቅበትን ቦታ ድንጋይ አንጥፉበት፣ አለበለዚያ ቦረቦር ይሆናል። ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ መጸዳጃ ቤት በፍጹም አትምሩት። የጎረቤት ድንበር የሚነካ ከሆነ ቁፋሮ ሳይጀመር አብራችሁ ተነጋገሩ።

ቦዩን በድንጋይ መሙላት የሚፈልግ አለ። በዋልካ ላይ እኔ ክፍቱን እመርጣለሁ፤ ደቃቁ አፈር ድንጋዩን ቶሎ ይደፍነዋል። መተላለፊያው ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣሉበት፣ ልጅም ጥጃም እንዳይገባበት።

ሥራው ግንቦት ላይ፣ አፈሩ በመጀመሪያው ካፊያ ለስለስ ሲል ይሻላል። ሲጨርሱ ሁለት ሦስት ጀሪካን ውሃ ከላይ ለቀው ይከተሉት፤ የቆመበትን ቦታ እንደገና ያስተካክሉ። በክረምቱም ከከባድ ዝናብ በኋላ ደለሉን በአካፋ ይጥረጉ።