በእንጨት እግር አትላንቲክን የተሻገረው፦ የዛክ ኦቬ ሞኮ ጃምቢ

ካርኒቫል የትሪኒዳድ ሰዎች ቅበላ ነው። ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰኞና ማክሰኞ፣ የፖርት ኦፍ ስፔን ጎዳናዎች በሙዚቃና በጭፈራ ይናጣሉ። በዓሉን ወደ ደሴቲቱ ያመጡት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሰፈሩ ፈረንሳውያን ባለ እርሻዎች ናቸው። ያን ጊዜ የጭምብል ጭፈራው በጌቶች አዳራሽ ነበር፤ ባሪያ የተደረገው አፍሪካዊ ቦታ አልነበረውም። በ1830ዎቹ ነፃነት ሲመጣ ግን ሕዝቡ በዓሉን አደባባይ አወጣው፤ የራሱን ከበሮና መናፍስትም ጨመረበት።

ከነዚህ አንዱ ሞኮ ጃምቢ ነው። ጨፋሪው ረጃጅም እንጨት ከእግሩ ጋር ጥፍር አድርጎ ያስራል፤ እንጨቱን የሚሸፍን ረጅም ልብስ ይለብስና ከሰው በላይ ሆኖ ይራመዳል። ቀድሞ ፎቅ ላይ ያሉ ተመልካቾች ሽልማቱን በመስኮት ይሰጡት ነበር። እንደ አፈ ታሪኩ ከምዕራብ አፍሪካ አትላንቲክን በእግሩ አቋርጦ መጥቷል፤ ቁመቱም ወደ መንደሩ የሚመጣውን ክፉ ነገር ከሩቅ ለማየት ነው። በእንጨት እግር መሄድ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በደቡብ ኦሞ የበና ወጣቶች ይሄዱበታል።

ይህን መንፈስ ወደ ሙዚየም ያስገባው ዛክ ኦቬ ነው። በ1966 ለንደን ተወለደ፤ እናቱ አየርላንዳዊት፣ አባቱ ደግሞ የትሪኒዳድ ተወላጁ የፊልም ዳይሬክተር ሆራስ ኦቬ ናቸው። በ2015 ብሪቲሽ ሙዚየም ባዘዘው መሠረት ሁለት ግዙፍ ሞኮ ጃምቢዎችን ሠርቶ በሙዚየሙ ታላቅ አደባባይ አቆመ። ኋላም ሙዚየሙ ሥራውን ለአፍሪካ ክፍሉ ወሰደው።

በቀጣዩ ዓመት በሱመርሴት ሀውስ ግቢ አርባ ጥቁር ሐውልቶችን በሰልፍ አቆመ፤ ሁሉም ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ እጃቸውን እስከ ትከሻ ያነሡ ናቸው። መነሻው አባቱ ከኬንያ አምጥተው የሰጡት ትንሽ የእንጨት ምስል ነበር። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በ1605 የንጉሥ ጀምስ ሚስት ንግሥት አን ወይዛዝርቷን አስከትላ፣ ፊቷን ጥቁር ተቀብታ፣ ቤን ጆንሰን በደረሰው ትርኢት ላይ ታየች፤ ሱመርሴት ሀውስም የእሷ ቤተ መንግሥት ነበር። ያኔ ጥቁርነት የመኳንንት መጫወቻ ጭምብል ነበር፤ አርባዎቹ ግን ጥቁርነታቸውን የሚያወልቁት አይደለም።

የኦቬ ሥራ ጥያቄ ይኸው ነው፦ በለንደን ተወልዶ፣ ከትሪኒዳድና ከአየርላንድ የተገኘ ሰው የሠራው ሐውልት በየትኛው ክፍል ይቀመጥ? ሙዚየሙ ከአፍሪካ ቅርሶች ጎን ሲያቆመው፣ የካሪቢያን ካርኒቫል ከፈረንሳይ አዳራሽ የተቀዳ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን አምኗል። በባርነት ስሙንና ቋንቋውን የተነጠቀ ሕዝብ፣ የተረፈውን ታሪክ ያቆየው በጭፈራው ነውና።