ባልቴቲቱን ማን ይጻፋት?

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔታቸውን በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ካሳዩ ወዲህ መቶ ዓመት የተሻገረ ጊዜ ሲያልፍ፣ ንጉሡና አርበኛው፣ ሊቁና ሰካራሙ፣ አዲሲቱ ሙሽራና ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው ጎልማሳ በየተራቸው የመድረኩን መካከል ይዘው የልባቸውን ለተመልካች ሲገልጡ፣ በዕድሜ የገፋችው ሴት ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ከመጋረጃው ጥግ ብዙ ፈቀቅ ሳትል፣ ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ የምትጠብቅ፣ ተናግራም የሌላውን ጉዳይ ከማስፈጸም የማታልፍ ሆና ቆይታለች።

የመድረካችን ባልቴት ስትገባ ምን ልትሆን እንደ መጣች ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል። ወይ ምራቷን የምታስጨንቅ አማት ናት፤ ወይ ለባለጸጋ ሽማግሌ ልጃገረድ የምታቃጥር ደላላ ናት፤ ወይ ስኒ ገልብጣ የሰውን ዕድል የምታነብ ናት፤ ይህ ሁሉ ካልሆነች ደግሞ የልጇን መርዶ ሰምታ፣ ደረቷን እየደቃች ገብታ፣ አልቅሳ የምትወጣ እናት ናት። በቀልዱ መድረክማ ነገሩ ይከፋል፤ ወንዱ ቀልደኛ ሻሽ አስሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጎብጦና ድምፁን አቅጥኖ ብቅ ሲል፣ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ የሚያስቀውም የጎበጠው ወገብና የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ ማለት የያንዳንዳችን እናት ዕድሜ ቢሰጣት የሚደርስባት ነገር ነው። ከትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ጀምሮ እስከ ትልቁ ቤተ ተውኔት ድረስ ይህ ልማድ ያለ ተቃዋሚ ሲወራረስ መኖሩ እጅግ ያሳዝነኛል።

ባልቴቲቱ ለምን ክፉ ሆና ታየች ብዬ አልከራከርም፤ ክፉ አማት በዓለም ላይ አለችና በመድረክም ብትታይ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያቺ አማት ራሷ ምራት በነበረችበት ዘመን ምን እንዳየች፣ ባሏን ከቀበረች በኋላ ሌሊቱ እንዴት እንደሚነጋላት፣ ከወንድሞቿ ጋር ርስት ስትካፈል ምን ተብላ ምን እንደ መለሰች፣ ሞትንስ በምን ልብ እንደምትጠብቀው የሚጠይቃት ጸሐፊ አላገኘችም። የተሰጣት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት ባላለፈ ወንድ የተጻፈ ነው፤ እርሱም እርጅናን ከውጭ፣ ያውም ከእናቱ ጓዳ በር ላይ ቆሞ እንዳየው ጽፎታል።

ከመድረኩ ወርደን ወደ ሰሜን ወሎ፣ ወደ ግራና ስንመጣ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። ከመርሳና ከወልድያ ጋር በገበያና በጋብቻ የተሳሰረችው ይህች የሀብሩ ወረዳ ከተማ፣ ስሟ በይበልጥ የታወቀው በቆቦ ግራና ሸለቆ የመስኖ ልማት ቢሆንም፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ቃል በሰው ፊት ምን ያህል ክብር እንዳለው ለመረዳት የሚሻ የቴአትር ሰው፣ በወሎ ምድር እንደ እርሷ ያሉ መንደሮችን ሳያይ ተምሬአለሁ ባይል መልካም ነው። በሙስሊሙ ቤት ዱበርቲ የሚባሉት እናቶች ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ወደጃ ለሚባለው የጋራ ጸሎት ሲቀመጡ ዱዓውን የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው፤ ለታመመው፣ ለመካኒቱ፣ ለዘገየው ዝናም እያነሡ ሲለምኑ የተሰበሰበው ሁሉ «አሚን» እያለ ይቀበላቸዋል። በለቅሶም ቤት ሙሾ የምታወርደው ባልቴት የሟቹን ዘር ማንዘር ቆጥራ፣ ያደረገውንም ሳያደርግ የቀረውንም በሰምና ወርቅ አስማምታ፣ ቀባሪውን ሁሉ ስታስለቅስ፣ ልትወቅሰው የፈለገችውንም ዘመድ ስሙን ሳትጠራ በሕዝብ ፊት ስትወቅሰው፣ ተወቃሹ አንገቱን ደፍቶ ከመስማት በቀር መልስ አይኖረውም። የግሪክ ተውኔት ከመዝሙር መሪውና ከተቀባዮቹ ዝማሬ እንደ ተወለደ ሊቁ አርስጣጣሊስ ጽፏል፤ በወሎ ያለችው አውራጅና ያሉት ተቀባዮች ከዚያ ምንጭ የራቁ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን የፋኑኤልን ልጅ ነቢዪት ሐናን የምታስባት፣ 84 ዓመት የሆናት መበለት ሳለች ከመቅደስ ሳትለይ ኖራ፣ ሕፃኑን ካየች በኋላ ተስፋ ለሚያደርጉት ሁሉ ስለ እርሱ የተናገረች አድርጋ ነው።

እንግዲህ በመንደሯ አፍ ያላት ሴት በመድረክ ላይ አንደበቷ እንዴት ተያዘ ቢሉ፣ የነገሩ ሥር ከቴአትራችን አጀማመር ይነሣል። በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ዘመን ሴት በአደባባይ መጫወቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ የሴቶቹን ድርሻ ወንዶች ተማሪዎች ልብስ ለውጠው ይጫወቱት ነበር። ይህን ሥርዓት ከለወጡት አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት እኒህ ሴት በአውሮፓ ተምረው ተመልሰው፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተይዘውም በአዚናራ ደሴት ታስረው፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን ሲመሩ፣ ለልጃገረዶቹ ተውኔት እየደረሱ ልጃገረዶቹ ራሳቸው እንዲጫወቱት አደረጉ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታቸው ወደ ምክር ቤቱና ወደ መንግሥት ሥራ አዘነበለ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው። የልጃገረድን ልብ በተውኔት የገለጠ ብዕር፣ ሰማንያን የተሻገረች ሴት ምን እንደምታስብ በታላላቆቹ ቤተ ተውኔቶች እንዲነግረን ሳንጠይቀው መቅረታችን የሁላችን ዕዳ ነው። በራዲዮ ድምፃቸው ዘመን የተሻገረው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁንም ተውኔት ደራሲ እንደ ነበሩ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በተዋንያኑም በኩል ያለው ታሪክ ከዚህ አይሻልም። በ1940ዎቹ ወይዘሮ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴንና ወይዘሮ አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ሴቶች ስድቡንና ሐሜቱን ታግሠው መድረክ በመውጣታቸው የሴት ድርሻ ለሴት ተመለሰ። ነገር ግን የሀገር ፍቅርም ሆነ የብሔራዊ ቴአትር ተዋንያን የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ ቀድሞ 55 የነበረው በኋላም 60 የሆነው የጡረታ ዕድሜ ሲደርስ፣ ተዋናይቷ እንደ ማንኛውም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የስንብት ደብዳቤዋን ትቀበላለች። ይህ ሕግ ለጽሕፈት ቤት የተገባ ሊሆን ይችላል፤ ለቤተ ተውኔት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሴቲቱ ኀዘንን፣ መውለድን፣ መቅበርን፣ ሀገር ሲለወጥ ማየትን በሥጋዋ ተምራ፣ ያንን ሁሉ በድምፅዋ ልትሰጠን በተዘጋጀችበት ዓመት ትሰናበትና፣ በውል ተፈልጋ ካልተጠራች በቀር፣ የባልቴቲቱ ድርሻ ለ25 ዓመት ወጣት ይሰጣል። ወጣቷም ፊቷን በቀለም ታጨማድዳለች፤ ጠጉሯን በዱቄት ታነጣለች፤ አካሄዱን ከቀልደኞቹ ትማራለች፤ እንዲህም እየሆነ ባልቴቷ መሳቂያ ሆና ትኖራለች።

ደግ ምሳሌ ፈጽሞ የለም ማለት ሐሰት ይሆናል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የጀርመናዊውን የብሬኽትን ሥራ መሠረት አድርገው በጻፉት «እናት ዓለም ጠኑ» ላይ፣ ጦርነት እያተረፈላት ጦርነት ልጆቿን የሚበላባት እናት ተውኔቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሸከመዋለች፤ እርሷን የሚያጫውት ቤተ ተውኔት ለጎልማሳ ተዋናይት ሙሉ ሥራ ይሰጣል። ጸሐፊተ ተውኔት አዜብ ወርቁም የፈረንሳዊውን የሮቤር ቶማን ድርሰት «8ቱ ሴቶች» ብለው ወደ አማርኛ ሲመልሱት፣ ገንዘቧን የምትደብቅ፣ መሄድ እየቻለች በተሽከርካሪ ወንበር የምትቀመጥ አያት በመድረካችን ታየች፤ ተንኮሏ የራሷ፣ ፍርሃቷም የራሷ ስለሆነ ከብዙዎቹ አልቃሽ እናቶቻችን ይልቅ ሕያው ናት። ከሀገር ውጭ ደግሞ ተዋናይት፣ ባለቅኔና ጸሐፊተ ተውኔት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ወዳጆ በዋሽንግተን አካባቢ የጣይቱ ባህል ማዕከልን መሥርተው፣ በስደት ላለው ወገን ግጥምና ተውኔት ሲያቀርቡ ዕድሜያቸው ከመድረክ አላራቃቸውም። ሆኖም ከእነዚህ ሥራዎች ታላላቆቹ ከውጭ ቋንቋ የተመለሱ ወይም የተቀዱ መሆናቸው ያሳስበኛል፤ የራሳችን ባልቴት በራሳችን ነገር ገና አልተጻፈችምና።

ሌሎች ግን የራሳቸውን ባልቴት ጽፈዋታል፤ የጋናዋ ደራሲት አማ አታ አይዱ በወጣትነቷ በጻፈችው «የመንፈስ አጣብቂኝ» በተባለው ተውኔት፣ ልጇ ከአሜሪካ ጥቁር ሚስት ይዞ ሲመጣባት የምትቆጣ እናት አሳይታለች፤ አማት ናት፤ ነገር ግን በመጨረሻ ልጇን ወቅሳ ምራቲቱን ወደ ቤት የምታስገባው እርሷ ስትሆን፣ የተውኔቱም ፍርድ በእጇ ተቀምጧል። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ ካሪል ቸርችል በ77 ዓመቷ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳየችው ተውኔት ላይ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያላነሰ አራት ሴቶችን በጓሮ አስቀምጣ ሻይ ሲጠጡ ታነጋግራቸዋለች፤ ጨዋታቸው ስለ ጎረቤትና ስለ ልጅ ሲሆን፣ አንዷ በየመካከሉ ተነሥታ የዓለምን ጥፋት ትተርካለች። ይህን የመሰለ ተውኔት ለመጻፍ ቡና አፍልተው የሚቀመጡ እናቶች ባሉበት ሀገር ወንበርና መብራት እንጂ ሌላ ምን ይጎድለናል?

ነገሩን ደግሞ በግራና እንመልከተው። ዛሬ በዚያ 70 ዓመት የሞላት ሴት የ1965ቱንና የ1966ቱን ረሃብ በኮረዳነቷ አይታለች፤ በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ የጭሰኛው ሚስት ወይም የባላባቱ ልጅ ሆና ሰምታለች፤ በ1977 ዓ.ም. ልጆች ታቅፋ እህል ስትጠብቅ ከታቀፈቻቸው አንዱን ቀብራ ይሆናል፤ ከዚያም ሁሉ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያንና ሀብሩን ሲያጥለቀልቅ፣ ጉልበት ያለው ሲሸሽ ከቤት ቀርታ በር የጠበቀች፣ የልጅ ልጅ የደበቀች፣ ሬሳ የሸፈነች እርሷን የመሰለች ሴት ናት። ስለ ረሃቡ ጥናት ተጽፏል፤ ስለ ጦርነቱም ዘገባ ተላልፏል፤ በተውኔት ግን ይህች ሴት ብትገኝ እንኳ የምትገኘው ድምፅ አጥታ ስታለቅስ ነው፤ እርሷ ግን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የምትናገረው ነበራት። በደሴ የነበረው የላሊበላ ኪነት ቡድን፣ እነ ወይዘሮ ማሪቱ ለገሠም፣ የወሎን ዜማ ለመላው ኢትዮጵያ ሲያሰሙ ሀገሩ ሁሉ ተደንቋል፤ ያንን ዜማ ከለቅሶ ቤትና ከወፍጮ እግር አንሥተው ለልጅ ያስተማሩት አያቶች ግን ደራሲ ተብለው አያውቁም።

ሥራው ሊጀመር የሚችለው በቅርብ ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ወጣቶች በክረምት ወደ ግራናና ወደ መርሳ ወርደው፣ ከእናቶቹ እግር ሥር ተቀምጠው፣ ሙሾውን፣ ምርቃቱንና የዘመኑን ታሪክ በድምፅ ቢቀዱ፣ እናቶቹም ቃሉን ራሳቸው አርመው፣ ይህን ጨምሩ ያንን አውጡ ብለው ቢያጸድቁት፣ የብሔራዊ ቴአትርም ጡረታ ያወጣቸውን ተዋናይቶች በውል ጠርቶ ቢያስጠናው፣ አንድ ሙሉ ተውኔት ለመውለድ የሚጎድል ነገር የለም። ማስታወቂያው ሲታተም ደግሞ «ደራሲ» ከሚለው ቃል አጠገብ የባልቴቲቱ ስም ከነአባቷ ይጻፍ፤ ከመግቢያው ገንዘብም ለደራሲ የሚገባው ድርሻ ሳይሸራረፍ ለእርሷ ይከፈል።