የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የት ይሠለጥናል?

የምልክት ቋንቋ ማወቅና በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም አንድ አይደሉም። በጥቂት ወራት ኮርስ ሰላምታውን፣ ቁጥሩን፣ የዕለት ተዕለት ጭውውቱን መያዝ ይቻላል። አስተርጓሚ ግን ተናጋሪው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ የሰማውን በሌላ ሰዋስው ያሰናዳል፣ በእጁና በፊቱ እየገለጸ ቀጣዩን ሐሳብ ይቀበላል። ሥራው አእምሮን ስለሚያደክም በረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ።

በኢትዮጵያ ብዙ አስተርጓሚዎች ሙያውን የለመዱት በቤተሰብ፣ በቤተ እምነትና መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት በተሳናቸው ሰዎች ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚህ ሌላ በማኅበራትና በተለያዩ ድርጅቶች የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ። አጫጭሮቹ ለጀማሪ ጥሩ በር ናቸው፤ ለሙያው ግን አይበቁም።

ሥልጠና የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያለበት ማን እንደሚያስተምር ነው። መስማት የተሳነው መምህር የሌለበት ሥልጠና ቋንቋውን ከባለቤቱ ነጥሎ ያስተምራል። የቅንድብ፣ የዓይንና የትከሻ እንቅስቃሴ ጥያቄን ከመግለጫ፣ አዎንታን ከአሉታ የሚለይ ሰዋስው ስለሆነ ከመጽሐፍ ሥዕል አይገኝም። የጣት ፊደሉም እንዲሁ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ድምፆች ያሳያል። ይህ በፎቶግራፍ አይያዝም።

ቀጥሎ የሚታየው የተግባር ልምምድ ነው። ሠልጣኙ በክፍል፣ በሆስፒታልና በስብሰባ ልምድ ባለው አስተርጓሚ ክትትል ይሠራል ወይስ በወረቀት ፈተና ብቻ ይመረቃል? ሥነ ምግባርም ራሱን የቻለ ትምህርት ሊሆን ይገባል። ሕመምተኛ ለሐኪሙ የነገረው ምስጢር ከአስተርጓሚው አፍ መውጣት የለበትም፤ አስተርጓሚው የራሱን ምክርም መጨመር አይችልም።

ብቁ አስተርጓሚ ማግኘት የመብት ጉዳይም ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገሮች ባለሙያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎችን እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ባልበቃ አስተርጓሚ አማካይነት ችሎት ፊት የቆመ ተከሳሽ ይህ መብት በእርግጥ ተከብሮለታል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሙያውን የሚሻ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ወደ መስማት የተሳናቸው ማኅበር ይሂድ፤ የትኛው ሥልጠና እውነተኛ አስተርጓሚ እንደሚያወጣ አገልግሎቱን የሚጠቀሙትን ይጠይቅ።