ከሐረር እስከ አጋሮ በቢስክሌት
የቡናን መንገድ ተከትሎ የተደረገ ጉዞ ፍጻሜ

አገርን ለማየት ብዙ መንገድ አለ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ተራራውን ከላይ ያየዋል፤ በአውቶቡስ የሚሄደውም ግማሹን መንገድ ተኝቶ ያልፈዋል። በእግሩ የሚጓዝ ሰው ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን ገና ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ የዕረፍቱ ቀን ያልቅበታል። ከነዚህ ሁሉ መካከል የሚገኘው ቢስክሌት ነው። ቢስክሌት ነጂ ዳገት ሲገጥመው ከእረኛው እኩል ይሄዳል፤ ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፈው ሰው የለም፤ ሲደክመውም የሚያርፈው ከሰው ደጅ ነው።

አገራችንም ለቢስክሌት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከሄዱት ስፖርተኞች መካከል ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የቢስክሌት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ከዚያም ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር ተሰለፈ። እነዚህ ጀግኖች የነዱት ለመቅደም ነው። እኔ የተነሣሁት ግን በየመንገዱ እየቆምኩ ሰው ለማነጋገር ነው።

የጉዞው ሐሳብ የተወለደው በክፍል ውስጥ ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ቡና የአገራችን ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ እጅዋን አወጣችና «መምህር፤ ቡናውን የሚያመርቱት ሰዎችስ ራሳቸው ምን ያገኛሉ?» ስትል ጠየቀች። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን መለስኩላትና ተቀመጠች፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ከዚህ በኋላ ነው ከምሥራቁ የቡና አገር ከሐረር ተነሥቼ እስከ ምዕራቡ የቡና አገር እስከ ጅማና አጋሮ ለመሄድ የቆረጥኩት።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ዓምና በትምህርት ዕረፍት ጨረስኩ። በዚያ አገር የቡናው ቅጠል ሳይቀር ተፈልቶ ቁጢ ተብሎ ሲጠጣ አየሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም እስከ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር የሆነውን የቀረውን መንገድ ለዘንድሮ የጥር መጨረሻ ዕረፍት አቆየሁት። ስንቄ በሶ ነበር፤ ዕቃዬም አንድ ካፖርት፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ መንፊያና አንድ የማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው።

እስከ ወሊሶ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብዙ አያስቸግርም። ከዚያ አልፎ ወደ ወልቂጤ ሲቃረቡ እንሰቱ በየቤቱ ዙሪያ እንደ አጥር ቆሞ ይታያል። በወልቂጤ አጠገብ በመንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ቢስክሌቴን ከላይ እስከ ታች ከተመለከቱ በኋላ፣ «የኔ ልጅ፤ አውቶቡስ የማትሳፈረው ገንዘብ አጥተህ ነው?» አሉኝ። አለመሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ገባኝ፤ ስለት አለብህ» አሉ። ስለትም እንዳልሆነ ባስረዳቸው አላመኑኝም። ሁለት ስኒ ከጠጣሁ በኋላ ሒሳብ ልከፍል ብል፣ «ከስለተኛ ገንዘብ አልቀበልም፤ ስትደርስ ለኔም ጸልይልኝ» ብለው መለሱልኝ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ድልድዩ ያለበት ሥፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ከደጋው የመጣ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ የጎማ ሽታ ይሸተኝ ጀመር። እውነተኛው ፈተና ግን ከድልድዩ ማዶ ያለው የአበልቲ ዳገት ነው። በ1933 ዓ.ም. ከናይጄሪያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች ኢጣሊያኖችን ከጅማ ለማስለቀቅ ወንዙን ተሻግረው የተዋጉት በዚህ በኩል ነበር። እነርሱ በክረምት ጭቃና በጥይት ውስጥ የወጡትን እኔ በአስፋልት ስወጣው ማማረር አፈርኩ።

ከዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ቢስክሌቴን እየገፋሁ ሳለሁ፣ ባዶውን ወደ ጅማ የሚወጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ «ውጣ፤ እስከ ጅማ ላድርስህ» አለኝ። አመስግኜ እንቢ ብለው ወርዶ ውኃ ሰጠኝ፤ አብረንም በመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ቡና እየጫነ በዚህ መንገድ ሲመላለስ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነው አጫወተኝ። ቀጥሎም፣ «ቡና ሲያብብ ግን አይቼ አላውቅም። የምገባው ሁልጊዜ ማታ ነው፤ ጭኜ የምወጣውም ሳይነጋ ነው። ሽታውን ብቻ አውቀዋለሁ፤ በመስኮት ይገባል» አለኝ። ይህን ሲናገር ቅሬታ አልነበረበትም፤ እኔ ግን እስከ ሰኮሩ ድረስ ከሐሳቤ አልወጣም።

ከሰኮሩ ወዲያ የግልገል ጊቤ ሐይቅ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካሉት ጉብታዎች መካከል ብቅ ይላል። ይህ ሐይቅ የተፈጠረው በግድቡ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኃይል ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። በአሰንዳቦ የትምህርት ቤት ልጆች ከበቡኝና አንዱ ደፋር ውድድር ጠየቀኝ። እርሱ በባዶ እግሩ፣ እኔ በቢስክሌት ሆነን እስከ ገበያው ድረስ ተሽቀዳደምን። ውጤቱን መጻፍ አያስፈልግም፤ መንገዱ ዳገት እንደ ነበረ ብቻ አንባቢ ይወቅልኝ።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጅማ ገባሁ። ጅማ የንግድ ከተማነትዋ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን በጅሬን ኮረብታ ላይ ሠርተው ከታች ያለውን የሒርማታን ገበያ ይጠብቁ ነበር። ከአራቱም ማዕዘን የሚመጡ ነጋዴዎች እዚያ ይገናኙ ነበር፤ ቡናና ማር፣ ወርቅና ዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ ታሪክን በሙሉ ለመናገር ያህል፣ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከእንጨት የተሠራው የጅሬን ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ንጉሡ የተገለገሉባቸውም ዕቃዎች በከተማው ሙዚየም ይታያሉ።

ጅማ የትምህርትም ከተማ ናት። በ1945 ዓ.ም. የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ ያ ትምህርት ቤት አድጎ ከጤና ሳይንስ ተቋሙ ጋር በ1992 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በከተማው ውስጥ ግን ቢስክሌት እምብዛም አላየሁም። ካቴናዬን ያጠበቁልኝ ሽማግሌ ጎሚስታ ምክንያቱን ሲነግሩኝ፣ «ባጃጅ መጥቶ ቢስክሌትን በላው። ድሮ በቀን አሥር እጠግን ነበር፤ ያንተ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ነው» አሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ለመመለስ ብፈልግ አልጋ የማላጣበትን ቤት ጭምር አሳይተውኝ ሄዱ።

ከጅማ ወደ አጋሮ ሲወጡ ጥቂት እንደ ሄዱ መልኮ ይገኛል። እዚህ ያለው የምርምር ማዕከል ለቡና ገበሬ ባለውለታ ነው። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬን እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ብዙ ማሳ አጥፍቶ ነበር። ተመራማሪዎች በየጫካው ዞረው በሽታውን የተቋቋሙትን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን አባዙ። ዛሬ ገበሬው 741፣ 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ድካም ፍሬ ናቸው፤ 74 የሚለው መነሻም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረጡበት ዓመት ነው።

ከመልኮ ወዲያ መንገዱ በየቡ በኩል በጥላ ውስጥ ያልፋል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሳሳ ቆመው፣ ከሥራቸው ቡናው ተደርድሯል። ከሳምንት በፊት አንድ ብርቱ ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ዛፉ ሁሉ አብቦ ነጭ ነጠላ የለበሰ ይመስላል። ሽታው ከጽጌረዳ ይልቅ ለስላሳ ነው። ሾፌሩ ትዝ አለኝ።

ከአጋሮ ወዲህ ባለ አንድ መንደር ጎማዬ ተበሳ። የረዱኝ ሰባ ዓመት ያህል የሆናቸው ገበሬ ናቸው፤ መሸብህ ብለው ከቤታቸው አሳደሩኝ። ማታ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ስናወራ የቤቱን ነገር ሰማሁ። ግማሽ ሄክታር የሆነውን ቡና የተከሉት የሽማግሌው አባት ናቸው። ዛፎቹ አርጅተዋል፤ ምርታቸውም ከዓመት ወደ ዓመት ቀንሷል። ልጃቸው ነቅሎ ጫት ሊተክልበት ይፈልጋል።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ሒሳቡንም አስልቷል። «ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጫት ግን በየጊዜው ይቆረጣል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ዋጋውን ደግሞ እኛ አናውቀውም» አለኝ። እውነቱን ነው። የዓለም የቡና ዋጋ የሚወጣው በኒው ዮርክ ገበያ ነው፤ ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቢወድቅ የአጋሮ ገበያ ይወዛወዛል። አባቱ «ዋጋውን ሬዲዮ ይነግረኛል፤ የሚከፍለኝ ግን ሰብሳቢው ነው» ብለው ሳቁ።

ሽማግሌው «መምህር፤ አንተ የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ የማውቀውን ነገርኳቸው። ያረጀ ቡና ከመሬት በላይ ጥቂት ተትቶ በሰያፍ ቢጎነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያፈራል። በዚያው አካባቢ ዱሮሚና በተባለ ማኅበር የተሰበሰቡ ገበሬዎች ቀዩን እሸት ብቻ ለቅመው፣ አጥበውና በአልጋ ላይ አድርቀው በ2004 ዓ.ም. ከመላው አፍሪካ በቀረበ ቡና ውድድር አንደኛ መውጣታቸውንም አወሳሁ። ከዚያ በፊት የዚህ አገር ቡና በውጭ ገበያ በአብዛኛው «ጅማ አምስት» በሚል ዝቅተኛ ደረጃ ይሸጥ ነበር።

ልጁ በጥሞና አዳመጠኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «በነዚያ ሦስት ዓመታት ማን ያበላናል?»

ለዚህ መልስ የሰጡት አባቱ ናቸው። «መምህሩ ነገ ይሄዳል፤ የምንቀረው እኛ ነን። ስለዚህ እኛው እንወስን። ዘንድሮ ሲሦውን እንጎንድል፤ የቀረው ያብላን። ያ ሲያፈራ ሁለተኛውን ሲሦ እንቆርጣለን። ካልሆነልን፣ ልጄ፣ መሬቱ ያንተ ነው፤ የፈለግኸውን ትተክልበታለህ።» ልጁ እሺም እንቢም አላለም። ጠዋት ስነሣ ግን አባትና ልጅ በቡናው መካከል እየዞሩ በየጉቶው ላይ በኖራ ምልክት ሲያደርጉ አገኘኋቸው። የትኛው ይቆረጥ በሚለው ላይ ገና እየተከራከሩ ነበር።

በማግሥቱ አጋሮን አልፌ ጮጬ ደረስኩ። የአገሩ ሰዎች ካልዲ የተባለው እረኛ ፍየሎቹ ፍሬውን በልተው ሲዘልሉ ያየው እዚህ ነው ይላሉ። የእረኛውን ተረት በአውሮፓ አስቀድሞ በጽሑፍ ያወጣው በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም ያስተምር የነበረ ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ሊቅ ነው። የከፋ ሰዎች በበኩላቸው ቡና የተገኘው በቦንጋ አካባቢ ባለው ጫካ ነው ሲሉ ይከራከራሉ። ተረቱ የማንም ይሁን፣ የአረቢካ ቡና ዘር ጥንት የበቀለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ባለው ደን መሆኑን ሳይንስ ይመሰክራል።

በመድረሻው ላይ የሚበጠስ ሪባን፣ የሚያጨበጭብም ሰው አልነበረም። አንዲት አዴ ከደጃቸው ተቀምጠው ቡና ሲቆሉ አገኘኋቸውና ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። ከሐረር ብላቸው «እዚያስ ቡና የለም እንዴ?» አሉኝ። ቡናውን በጨው ቀድተው ሰጡኝ፤ እስከ ሦስተኛው ድረስም እንዳልነሣ ከለከሉኝ። በሦስተኛው ላይ ለወልቂጤዋ እናት የተባልኩትን ጸሎት አደረስኩ።

በጠቅላላው ከ900 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ሄጃለሁ። አምስት ጊዜ ጎማ ተበስቶብኛል፤ አንድም ሌሊት ግን ሳልበላ አላደርኩም። ይህን መንገድ ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ቢኖር ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ጥሩ ፍሬን፣ በቂ ውኃና የማይቸኩል ልብ ይበቃዋል። ነገር ግን ቀኑን ይምረጥ። የቡና አበባ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ማየት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በኋላ በስምንተኛው ቀን ገደማ፣ ሳይመሽ ይድረስ።