ስለ ትንንሽ የቢራ መጥመቂያ ቤቶችና ለቢራ ስለሚሆነው ገብስ

ቢራ ከገብስ የሚጠመቅ መጠጥ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የፋብሪካና የመሸታ ቤት ብቻ ሳይሆን የእርሻም ነገር ነው። ካለፉት 50 ዓመታት ወዲህ በኤውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ከትልቅ ፋብሪካ የሚወጣውን፥ ጣዕሙም በየሄዱበት አንድ ዓይነት የሆነውን ቢራ ትተው፥ በሰፈራቸው በጥቂት በጥቂቱ የሚጠመቀውን መፈለግ ጀምረዋል። ከዚህም የተነሣ ቢራውን በአንድ ጣራ ሥር ጠምቆ እዚያው ለጠጪ የሚቀዳ መሸታ ቤት በየከተማው ተከፍቷል፤ የእነዚህንም ቤቶች ቢራ ለማቅመስ በየዓመቱ ትልልቅ በዓል ይደረጋል። ይህ ነገር ሹማምንትንና ባለመሬቶችን በሁለት በኩል ይመለከታቸዋል፤ ይኸውም የመጥመቂያው ቤት መቆምና መውደቅ በግብሩና በፈቃዱ ደንብ ስለሚወሰን፥ የቢራውም ደግነት ወይም ክፋት አስቀድሞ በአውድማና በጎተራ ስለሚቈረጥ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጠምቆ በቤቱ የሚሸጥ መሸታ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ጠላ ቤት ማለት ይኸው ነውና። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ገብሱን ነክራ፥ በቅጠል ሸፍና ታበቅላለች፤ ብቅሉን አድርቃ ትፈጫለች፤ ጌሾውን ወቅጣ ትጠነስሳለች፤ ኋላም አሻሮውን ወይም እንኩሮውን ጨምራ በታጠነ ጋን ትደፈድፋለች። የቢራ ጠማቂም የሚያደርገው በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ገብሱ በበቈለ ጊዜ በፍሬው ውስጥ የሚነቃው ኃይል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩንም እርሾ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ጌሾ ለጠላ ምሬት እንደሚሰጠውና ከመበላሸት እንደሚያቈየው፥ ሆፕ የሚባለው ሐረግ አበባም ለቢራ እንዲሁ ያደርግለታል። ልዩነቱ የቢራ ጠማቂ የተከካውን ብቅል 65 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውኃ ዘፍዝፎ፥ ጣፋጩን ውኃ ካጠለለ በኋላ ከሆፕ ጋራ አንድ ሰዓት ያህል ማፍላቱ፥ አቀዝቅዞም እርሾውን መጨመሩ ነው። በጠላ ግን እህሉ ከመጠጡ ሳይለይ በጋኑ ውስጥ ይቈያል።

ስለ ቢራ ከወጡት ደንቦች እጅግ የታወቀው በባየርን የወጣው ነው። ባየርን ያን ጊዜ መስፍን የሚገዛው አገር ነበረ፤ ዛሬ ከጀርመን ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው። መስፍኑ 4ኛው ዊልሄልምና ወንድሙ 10ኛው ሉድቪግ በ1516 ዓ.ም. ኤፕሪል 23 ቀን በኢንጎልሽታት ከተማ ባወጡት ዐዋጅ፥ ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውኃ በቀር ከሌላ ነገር እንዳይሠራ አዘዙ። ዐዋጁ ዛሬ ስለ መጠጡ ንጽሕና ብቻ እንደ ወጣ ሆኖ ይነገራል፤ አንብቦ የተመለከተው ሰው ግን ብዙው ቃል ስለ ዋጋ መሆኑን ያገኛል። ማስ የሚባለው፥ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጠው መስፈሪያ፥ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1 ፕፌኒግ፥ ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ቅዱስ ሚካኤልም ከ2 ፕፌኒግ በላይ እንዳይሸጥ ተወስኗል። ገብስ ብቻ እንዲጠመቅ ከታዘዘበትም ምክንያት አንዱ፥ ስንዴና ራይ የሚባለው እህል ለእንጀራ ጋጋሪዎች እንዲቀር ነው ይባላል። የእህል ውድነት ያስጨነቀው ገዥ ሁሉ እንዲህ ያለውን ዐዋጅ ማስተዋሉ አይቀርም።

በ1553 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር በበጋው ሙቀት ወራት ቢራ እንዳይጠመቅ ተከለከለ። ስለዚህ ጠማቂዎች በክረምት የጠመቁትን በጥልቅ ጓዳ ያስቀምጡ ጀመር፤ ጓዳው እንዳይሞቅም በላዩ ጥላ ያለው ዛፍ ተከሉ። ኋላ ሰዎች ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠጡ ጀመር፤ የቢራ አትክልት ቦታ የሚባለውም ከዚህ መጣ።

በሙኒክ ከተማ የሚደረገው የኦክቶበር በዓልም አጀማመሩ ከእርሻ ያልተለየ ነው። የባየርን አልጋ ወራሽ ሉድቪግ በ1810 ዓ.ም. ልዕልት ቴሬዝን ባገባ ጊዜ፥ የሰርጉ ደስታ በፈረስ እሽቅድድም ተፈጸመ፤ በሚከተለው ዓመት በ1811 የእርሻው ማኅበር የከብትና የእርሻ ምርት ትርኢት ጨመረበት። እያደር ቢራው ቦታውን ያዘ፤ የፈረሱም እሽቅድድም ቀረ። በበዓሉ የሚቀዳውም የሙኒክ መጥመቂያዎች ቢራ ብቻ ነው። የእርሻው ትርኢት ግን በየጥቂት ዓመቱ እስከ ዛሬ ከበዓሉ ጋራ ይደረጋል፤ የውጭ አገር እንግዶች ግን ይህን አያውቁም።

የምድር ባቡርና የማቀዝቀዣ መኪና ከመጣ በኋላ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራቸውን ሩቅ አገር መላክ ስለ ቻሉ፥ ትንንሾቹ በየተራ ተዘጉ ወይም ተሸጡ። ከእንግሊዝ አገር የሆኑ አራት ሰዎች በ1971 ዓ.ም. ተስማምተው፥ በበርሜሉ ውስጥ ከእርሾው ጋራ ሕያው ሆኖ የሚቈየው የጥንቱ ቢራ እንዳይጠፋ የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ከ1977 ጀምሮ በሎንዶንና በሌላም ከተማ ትልቅ የቢራ በዓል ሲያደርግ ቈይቷል። ይሁን እንጂ ትንንሾቹን ይበልጥ የረዳ የመንግሥት ደንብ ነው። በ2002 ዓ.ም. የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስቴር በዓመት ከ5,000 ሄክቶ ሊትር የማይበልጥ የሚጠምቅ ሰው የቢራውን ቀረጥ እኩሌታ ብቻ እንዲከፍል ወሰነ። ይህ ደንብ በ2023 በሌላ እስኪተካ ድረስ፥ በየመንደሩ ብዙ መጥመቂያ እንዲከፈት ምክንያት ሆነ።

የአሜሪካም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ሁሉ በሕግ ተከልክሎ ነበር፤ ከተፈቀደም በኋላ ገበያው በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ስለ ወደቀ፥ በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዚያ ሰፊ አገር የቀሩት የቢራ ፋብሪካዎች ከ100 ያነሱ ነበሩ። በ1976 የአነስተኞቹ ጠማቂዎች ቀረጥ በበርሜል ከ9 ብር ወደ 7 ብር፥ ማለት ዶላር፥ ዝቅ አለ። በ1978 ደግሞ ሰው ለቤቱ የሚጠጣውን ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ሕግ ወጣ፤ መጠኑም ለአንድ ቤተ ሰብ በዓመት 200 ጋሎን ነው። ትንንሾቹን ፋብሪካዎች ኋላ የከፈቱት ብዙዎቹ ሥራውን በገዛ ጓዳቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ጠምቆ እዚያው የሚሸጥ የአዲሱ ዘመን መሸታ ቤት በ1982 በያኪማ ከተማ ተከፈተ፤ ያኪማም የሆፕ እርሻ አውራጃ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያው ዓመት በቦልደር ከተማ የአሜሪካ ቢራ በዓል ተጀመረ። ዛሬ የመጥመቂያው ቊጥር ከ9,000 ያልፋል። ነገር ግን በ2024 የተዘጉት ከተከፈቱት በለጡ፤ ለሰፈሩ ሰው ከሚበቃው በላይ ቤት ሲከፈት ይህ የሚጠበቅ ነበር።

ወደ ገብሱ ስንመለስ፥ ብዙ ሰው ለቆሎና ለበሶ ደኅና የሆነ ገብስ ለብቅልም ደኅና ይመስለዋል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የሚበላ ገብስ ቢሞትም ይበላል፤ የብቅል ገብስ ግን ሕያው መሆን አለበት። ከ100 ፍሬ 95 ያልበቀለ እንደ ሆነ ፋብሪካው አይቀበለውም፤ ያልበቀለው ፍሬ ስኳር የማይሰጥ ከመሆኑ በላይ ይሻግታልና። ፍሬውም ወፍራምና እኩል መሆን አለበት። የተለያየ ዘር የተቀላቀለ እንደ ሆነ አንዱ በሁለት ቀን፥ ሌላው በአራት ቀን ስለሚበቅል ብቅሉ ይበላሻል። ፕሮቲን የሚባለው ነገር ከ100 እጅ ከ9 እስከ 12 መካከል ሲሆን ይፈለጋል፤ ከዚህ ቢበልጥ ስኳሩ ያንሳል፥ ቢራውም ይደፈርሳል። ስለዚህ ማዳበሪያ ያለ መጠን የሚጨምር ገበሬ ነዶው ቢበዛለትም ገብሱ ለብቅል ላይሆን ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ይልቁንም የሚመጣው ከአጨዳ በኋላ ነው። የታጨደ ነዶ ዝናም ቢመታው በዛላው ላይ ሊያቈጠቍጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ፍሬ ሁለተኛ አይበቅልም። በአውድማ ላይ በኃይል የተወቃ ገብስ ልጡ ይገፈፋል፥ ፍሬውም ይሰበራል። እርጥበቱ ከ100 እጅ ከ13 ሳያልፍ በደረቅ ጎተራ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ በእህል ጉድጓድ የተቀበረው ግን ከእርጥበቱና ከሙቀቱ የተነሣ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። መልኩን አይቶ ይህን ማወቅ አይቻልም። ፈተናው ግን መኪና የማይሻ ነው፤ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና ከሦስት ቀን በኋላ የበቀለውን መቍጠር ይበቃል። አዲስ የታጨደ ገብስ ጥቂት ሳምንታት እንደ መተኛት የሚል ጠባይ ስላለው፥ ፈተናው ቸኩሎ ቢደረግ ደኅናውን ገብስ ሞተ ሊያሰኘው ይችላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካ በ1922 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢቋቋምም፥ በአርሲ አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ የተሠራው በ1984 ነው። ኋላም በጎንደር፥ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሌሎች ተጨምረዋል። የአርሲና የባሌ ደጋ ለዚህ ገብስ እጅግ የተስማማ ሆኖ ሳለ፥ አገሪቱ ብዙ ዘመን ብቅል ከውጭ በውድ ገንዘብ ስትገዛ ኖራለች። ለዚህም አንዱ ምክንያት ገብስ ማነሱ ብቻ ሳይሆን፥ የቀረበው ለብቅል የሚሆን አለመሆኑ ነው። ተጠንቅቆ ያመረተው ገበሬና ሳይጠነቀቅ ያመረተው በአንድ ነጋዴ መጋዘን ሲቀላቀሉ ሁለቱም በአንድነት ይወድቃሉ። ገብሱን በአህያ ጭኖ ሩቅ መንገድ ሄዶ «አይሆንም» የተባለ ሰው ምክንያቱን እንኳ ሳይሰማ ለሚበላ ገብስ በወረደ ዋጋ ሸጦ ይመለሳል፤ በሚከተለውም ዓመት ስንዴ ይዘራል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ገዢው የሚፈልገውን ዐይነትና መጠን ከዘር አስቀድሞ እንዲያስታውቅ፥ ፈተናውም ገበሬው ባለበት በቅርብ መጋዘን እንዲደረግ፥ የተመለሰው ገብስ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ይገባቸዋል።

ትንሽ መጥመቂያ ቤት የሚፈልገው ገብስ ብዙ አይደለም። 1,000 ሊትር ቢራ ለመጥመቅ 200 ኪሎ ገደማ ብቅል ይበቃል፤ ይህም ከ250 ኪሎ ገብስ ይገኛል። በአዲስ አበባም በጀርመኖች ሥርዓት ቢራውን በገዛ ቤቱ የሚጠምቅ መሸታ ቤት አለ። እንዲህ ያለ ቤት በክፍለ አገር ከተማ ሊከፈት ፈቃድ የተጠየቀ እንደ ሆነ፥ ሹሙ ከሁሉ በፊት ስለ ውኃው ንጽሕና፥ ስለ ፍሳሹም መውረጃ መጠየቅ አለበት፤ የቢራ መጥመቂያ ከሚቀዳው ቢራ የበዛ ውኃ ይፈጃልና። የሚቀረው አተላም ለወተት ላም የታወቀ መኖ ነው። እርጥብ ስለ ሆነ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም፤ ከብት ያላቸው የቅርብ ሰዎች በየጥምቁ ቀን መጥተው እንዲወስዱት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።